ዓሣው ዛሬ ምን እየበላ ነው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ፍላይ ፊሺንግ (ነፍሳት በሚመስል መንጠቆ፣ በ«ፍላይ»፣ ዓሣ ማጥመድ) ለክፎኛል። መወርወሩን ደህና አድርጌ ለምጃለሁ። ኤፕሪል ላይ ሳውዝ ፕላት ወንዝ ዳር ያለችው ደከርስ ሄጄ ከሰዓት በኋላ ግራጫ ነፍሳት ከውሃው ይወጡ ጀመር። ዓሣው ግራ ቀኝ ብቅ ጥልቅ ይላል። ሱቅ የሸጡልኝን ቁጥር 14 ብሉ ዊንግድ ኦሊቭ የሚባል ፍላይ ወረወርኩ፤ ዞር ብሎ ያየኝ የለም። ከዚያ በኋላ የትኛው ነፍሳት መቼ እንደሚወጣ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ልሸመድድ ሞክሬ የላቲን ስሙ ራሴን አዞረው። የአካባቢዬን ነፍሳት ከየት ጀምሬ ልወቅ? ደግሞ አገር ቤት ስሄድ ባሌ ላይ ልሞክር አስቤያለሁ። እዚያስ ይሄ ነገር ይሠራል? ምን ምን ፍላይ ልግዛ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰንጠረዡን ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ክተተው። የሱቁ ሰዎች አልዋሹህም። ኤፕሪል፣ ደከርስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ግራጫ ክንፍ፤ ይሄ ቤቲስ ነው፤ አጥማጆቹ ብሉ ዊንግድ ኦሊቭ የሚሉት። ስሙን አግኝተኸዋል። ዓሣው ግን በስም አይበላም። የሚያየው መጠኑን፣ ያለበትን የዕድገት ደረጃና በውሃው ላይ የሚሄድበትን መንገድ ነው። አንተ ሦስቱንም ሳትስት አልቀረህም። ቁጥር 14 ለዚያ ነፍሳት በጣም ትልቅ ነው። የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መንጠቆው እያነሰ እንደሚሄድ ታውቃለህ፤ የደከርስ ቤቲስ 20 እና 22 ነው የሚፈልገው። ከዚያም አንተ ሙሉ ክንፍ ያወጣውን ስትወረውር፣ እነሱ ገና ከቆዳው ለመውጣት የሚታገለውን እየለቀሙ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። አንድ ወንዝ ያዝ። ከወንዙም በእግርህ ግማሽ ቀን የሚያስኬድህን ያህል ቦታ ብቻ ያዝ። አራት ወገን ነፍሳት ለይ። እያንዳንዱ ወገን ከድንጋይ ሥር ተነስቶ አየር ላይ እስኪወጣ የሚያልፍበትን መንገድ እወቅ። የላቲኑ ስም ሲፈልግ ይመጣል፤ ባይመጣም ዓሣ ትይዛለህ።

እኔ ለእንጀራዬ የወንዝ ነፍሳት ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። የወንዝ ጤና በኬሚካል ብቻ አይለካም። ድንጋዩ ሥር ማን እንደሚኖር ታይቶም ይታወቃል። አገር ቤትም ዘዴው ይኸው ነው። እንደ አቃቂ ባለ የከተማ ቆሻሻ በሚወርድበት ወንዝ ቀያይ የሚጅ (የማትናከስ ትንኝ) እጮች ታገኛለህ እንጂ ንጹህ ውሃ የሚወደውን ስቶንፍላይ አታገኝም። ቀይ የሆኑት እንደኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላላቸው ነው፤ ኦክስጅን በሳሳበት ጭቃ ውስጥ የሚያኖራቸውም እሱ ነው። ከሙያዬ የማካፍልህ ዋናው ነገር፣ ባለሙያውም ወንዝ ዳር ሲቆም መጀመሪያ የሚለየው ወገኑን ብቻ መሆኑን ነው። ዝርዝሩ በኋላ ቤት ገብቶ በማይክሮስኮፕ ነው።

አራቱ ወገኖች እነዚህ ናቸው። ሜይፍላይ፣ ካዲስ፣ ስቶንፍላይ፣ ሚጅ።

ሜይፍላይ ለኛ ሥራ ንጉሥ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት። ውሃ ውስጥ ያለው ልጅ ኒምፍ ይባላል። እንደ አንበጣ ኩብኩባ እያደገ በሄደ ቁጥር ቆዳውን እየገፈፈ ይሄዳል፤ ሙሽሬ የሚባል ደረጃ የለውም። በሆዱ ግራና ቀኝ ቅጠል የሚመስሉ መተንፈሻዎች ይደረደራሉ። ጭራው ሁለት ወይም ሦስት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት። ጊዜው ሲደርስ ወደ ውሃው ገጽ ይዋኛል፣ እዚያው ቆዳው ጀርባው ላይ ይሰነጠቃል፣ ክንፍ ያለው ነፍሳት ይወጣል። ይሄ አዲስ የወጣው በእንግሊዝኛ «ደን» ይባላል፤ ዱሩ አይደለም። ክንፉ ድፍን ግራጫ ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይቆማል። እየተንሳፈፈ ክንፉን ያደርቅና ወደ ቁጥቋጦው ይበራል። እዚያ እንደገና ቆዳ ይገፋል። ክንፍ ካወጣ በኋላ ቆዳ የሚገፍ ሌላ ነፍሳት የለም። አሁን ክንፉ እንደ ብርጭቆ ያሳያል፤ ስፒነር ይባላል። ይጋባል፣ ሴቷ እንቁላሏን ውሃው ላይ ትጥላለች፣ ሁለቱም ይሞታሉ። ክንፍ ካወጣ በኋላ ምግብ የሚባል ነገር አይቀምስም፤ የሚበላበት አፍ የለውም። ዕድሜው አንድ ቀን፣ ቢበዛ ጥቂት ቀን ነው።

እንግዲህ አስብ። አንድ ነፍሳት ነው፤ ዓሣው ግን አራት ጊዜ ያገኘዋል። ወደ ላይ ሲዋኝ፣ ገጹ ላይ ከቆዳው ሲታገል፣ ክንፉን ሲያደርቅና ሞቶ ሲንሳፈፍ። አራቱም የተለያየ ፍላይ ይፈልጋሉ።

ካዲስ ሌላ ታሪክ ነው። እንደ ቢራቢሮ እንቁላል፣ እጭ፣ ሙሽሬ፣ ከዚያ ባለክንፍ ይሆናል። አንዳንዱ እጭ ከአፉ ሐር እያወጣ አሸዋና ስንጥር አጣብቆ ቤት ይሠራል። ሌላው ቤት የለውም፤ ድንጋይ መሃል መረብ ዘርግቶ ወንዙ የሚያመጣለትን ይበላል። ባለክንፉ ሲያርፍ ክንፉ ሆዱ ላይ እንደ ቤት ክዳን ግራና ቀኝ ያዘቀዝቃል፤ ቀንዶቹ ረጃጅም ናቸው፣ ጭራ የለውም። ሙሽሬው ወደ ላይ ፈጥኖ ስለሚወጣ ዓሣውም ፈጥኖ ይከተለዋል። ውሃው ላይ ጯ የሚል ድምፅ ከሰማህ ካዲስን ጠርጥር።

ስቶንፍላይ ሁለት ጭራና በየእግሩ ሁለት ጥፍር አለው። ክንፉን ጀርባው ላይ ጠፍጣፋ አድርጎ ያጥፋል። ውሃ መሃል ክንፍ አያወጣም፤ በእግሩ ወደ ዳር ይሄድና ድንጋይ ላይ ወጥቶ ቆዳውን ይገፋል። ስለዚህ ስቶንፍላይ ሲወጣ ዓሣው ዳር ዳሩን ነው የሚጠብቀው። ሚጅ ደግሞ ያቺ የማትናከስ ትንኝ ናት። ዓመቱን ሙሉ አለች፣ ከሁሉም ታንሳለች፣ ከሁሉም ትበዛለች። ማንም አይወዳትም፤ መንጠቆ ውስጥ ክር ለማስገባት ዓይን ታጠፋለች። በብርዱ ወራት ግን ያለሷ ደከርስ መሄድ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ቁርጭምጭሚትህን አለፍ የሚል፣ ድንጋይ ላይ እየተንኮራኮረ የሚወርድ ውሃ ፈልግ። መዳፍህን የሚያህል ድንጋይ ቀስ ብለህ አንሳና ገልብጠው። መጀመሪያ ምንም የሌለ ይመስልሃል። ትንሽ ጠብቅ። እርጥበቱ መውረድ ሲጀምር መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። ቀጭን፣ ቡናማ፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነችና ድንጋዩ ላይ ያለው ውሃ ውስጥ ሽው እያለች የምትዋኝ ካየህ ቤቲስ ናት። ሦስት ጭራ አላት፤ የመሃሉ ከጎን ካሉት ያጥራል። ጠፍጣፋ ሆኖ ድንጋዩ ላይ እንደ ማኅተም የተለጠፈውም ሜይፍላይ ነው፣ ግን የሌላ ቤተሰብ። ከአሸዋ የተሠራች ቱቦ ተጣብቃ ካየህ ካዲስ ናት። የቱቦዋን አፍ ተመልከት። ክፍት ከሆነ እጩ ገና ይበላል። ከተዘጋና ድንጋዩ ላይ ሙጭጭ ካለ ውስጡ ሙሽሬ አለ፤ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው።

አሁን ሰንጠረዥ የማይነግርህን ነገር ልንገርህ። ቤቲሷን በጥፍርህ ሳትነካ ውሃ ባለበት ነጭ ሳህን ላይ አድርጋት። ከጭንቅላቷ በታች፣ ጀርባዋ ላይ ሁለት የክንፍ እምቡጦች አሉ። ቡናማ ከሆኑ ገና ናት። እያበጡ ከሄዱና ጥቁር ከሆኑ ክንፉ ውስጡ ተጣጥፎ ተዘጋጅቷል ማለት ነው፤ ዛሬ ካልወጣች ነገ ከነገ ወዲያ ትወጣለች። ጠዋት አምስት ስድስት ድንጋይ ገልብጠህ ጥቁር እምቡጥ ያላቸው ከበዙ፣ ምሳህን በጊዜ ብላና ክርህን አስተካክለህ ጠብቅ። አብዛኛው ሰው ይሄን አያይም። ሲያይ ደግሞ ጠንቋይ ይመስልሃል። ድንጋዩን ስትመልስ በነበረበት ጎን መልሰው፤ ገልብጠህ ከተውከው ላዩ ላይ ያሉት ይጎዳሉ።

ከድንጋዩ ቀጥሎ የሚያስፈልግህ ለቤት ውስጥ ዓሣ ማሳደጊያ የሚሸጠው ትንሽ መረብ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው። ዓሣው ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር ከእነሱ በታች ገብተህ፣ መረቡን ግማሹን ውሃ ውስጥ ግማሹን ከውሃ በላይ አድርገህ ያዘው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ የገባውን እይ። የሚንሳፈፍ ባዶ ቆዳ በዝቶ ካየህ መውጣቱ ተጋግሟል። ግማሽ አካላቸው ከቆዳው ያልወጣ ከበዙ መልስህን አገኘህ። ክንፋቸው ግራና ቀኝ የተዘረጋ፣ የሞቱ፣ ክንፋቸው የሚያሳይ ከሆኑ ስፒነር ነው፤ ዓሣው አይቸኩልም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚመጠው።

መረቡ ሳይኖርህም ዓሣው ራሱ ይነግርሃል። ጀርባውና ጭራው ብቻ ከውሃው ወጥቶ አፍንጫው ካልታየ፣ ከገጹ በታች ያለውን ነው የሚበላው። አፍንጫው ወጥቶ ሲገባ አረፋ ጥሎ ከሄደ ከላይ ያለውን በልቷል፤ አረፋው በአፉ የዋጠው አየር ነው። ያንተን ቀን ሳስበው፣ ያየኸው ብዙ ጀርባና ጥቂት አረፋ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ባለ ቀን ኒምፎቹ ከ5 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ (በሐበሻ ሰዓት ነው የምልህ) ከድንጋይ እየለቀቁ በውሃው ይወሰዳሉ። ከ7 ሰዓት በኋላ ገጹ ላይ ትግሉ ይበረታል። ሙሉ ደን ላይ የሚያተኩረው ዓሣ የሚበዛው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይመጣም። ፀሐይ ካለ ክንፉ ቶሎ ይደርቃል፣ ነፍሳቱ ቶሎ ይበራል፣ ዓሣውም አሳዶ አይደክምም። ደመናና ካፊያ ካለ ግን ክንፉ ስለማይደርቅ ውሃው ላይ ይቆያል። ለዚህ ነው የቤቲስ ሰው የአየር ትንበያ ላይ ዝናብ ሲያይ ደስ የሚለው። ሰው ሁሉ ጃንጥላ ሲፈልግ እሱ የመኪና ቁልፍ ይፈልጋል።

አካሄዱን አትርሳ። ፍላይህ ከጎኑ ካለው አረፋ ጋር እኩል ካልሄደ፣ ክሩ ጎትቶት ትንሽ እንኳ መስመር ካሰመረ፣ ነፍሳቱን በትክክል ብታውቅም ዋጋ የለውም። ደከርስ ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ዓሣውም ብዙ ሰው አይቶ ያረጀ ነው። ጫፉ ላይ 6ኤክስ የሚባለውን በጣም ቀጭን ክር አድርግ። ወደ ዓሣው ቅረብና አጭር ወርውር፤ ረጅም ውርወራ ለቪዲዮ ነው።

ወደ ጊዜው እንምጣ። ነፍሳቱ ቀን መቁጠሪያ አያዩም። በዋናነት የሚያንቀሳቅሳቸው የውሃው ሙቀትና የቀኑ ርዝመት ነው። ለዚህ ጥሩው ማስተማሪያ አርካንሳስ ወንዝ ላይ ያለው የጸደይ ካዲስ ነው፤ አሜሪካኖቹ «የእናቶች ቀን ካዲስ» ይሉታል። የእናቶች ቀን በሜይ ሁለተኛው እሑድ ነው፣ ካዲሱ ግን ብዙ ጊዜ ቀደም ብሎ ይጀምራል። ውሃው ወደ 54 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 12 ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ መውጣት ይጀምራል። መጀመሪያ ታች ካንየን ሲቲ አካባቢ ነው፤ እዚያ ከፍታው 1,600 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በየቀኑ ወደ ላይ እየወጣ ወደ ሳላይዳ ይጓዛል፤ ሳላይዳ ከ2,100 ሜትር ትበልጣለች። ቆላ ቀድሞ ደርሶ ደጋ ኋላ እንደሚሰበሰበው አዝመራ ማለት ነው። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ «ካዲሱ ወጣ ወይ?» ብለህ ብትጠይቅ መልሱ «የት ላይ?» ነው። ከላይ በረዶው መቅለጥ ጀምሮ ውሃው ከደፈረሰ ደግሞ ሁሉም ነገር በሁለት ቀን ያበቃል።

ደከርስ እንዲህ አይደለም። ከላይ በ1905 የተጠናቀቀው የቺዝማን ግድብ አለ። ውሃው ከግድቡ ጥልቅ ስለሚለቀቅ በብርዱ ወራትም በረዶ አይሠራም፣ በሙቀቱ ወራትም ቶሎ አይሞቅም። ለግድቡ በቀረብክ ቁጥር የነፍሳቱ ዓይነት ያንሳል፤ ሚጅና ቤቲስ ብቻቸውን ይነግሣሉ። ወደ ታች በራቅክ ቁጥር ካዲሱም ስቶንፍላዩም እየጨመረ ይመጣል። በ2002 የሄይማን ሰደድ እሳት ተራራውን ካቃጠለ በኋላ ዝናብ በጣለ ቁጥር የሚታጠበው አሸዋ ወንዙን ብዙ ቦታ ሞልቶታል። አሸዋ ላይ ነፍሳት እምብዛም አይኖርም። ድንጋይ ያለበትን ቦታ መምረጥህ ለዚህም ነው።

እንግዲህ ዓመቱን በዴንቨር ዙሪያ ላሳይህ። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ሚጅ ነው፤ ቀኑ ሞቅ ሲል ከ6 እስከ 9 ሰዓት፣ አለቀ። ከማርች መጨረሻ እስከ ሜይ ቤቲስ። ሜይና ጁን አብዛኛው ግድብ የሌለበት ወንዝ በበረዶ መቅለጥ ይሞላል፤ ያኔ ከግድብ በታች ያሉት ወንዞች ናቸው መጠጊያህ። በዚያው ሰሞን ኮሎራዶ ወንዝና ጋኒሰን ላይ ሳልመንፍላይ የሚባለው ትልቁ ስቶንፍላይ ይወጣል። ኒምፉ ውሃ ውስጥ ሦስት አራት ዓመት ይኖራል፤ ሲወጣ የጣት ያህል ነው፣ ሆዱ ብርቱካናማ። ዳር ያለው ድንጋይ ባዶ ቆዳ ለብሶ ታገኘዋለህ። ጁላይ ላይ ፔል ሞርኒንግ ደን የሚባለው ነጣ ያለ ቢጫ ሜይፍላይ ከረፋድ እስከ ቀትር ይወጣል፣ ቁጥር 16 ወይም 18። አመሻሽ ላይ ካዲስ። ከሥራ በኋላ አይ-70ን ይዘህ ክሊር ክሪክ ብትሄድ ብራውን ትራውት የሚባሉት ትንንሾቹ ዓሦች የትኛው ካዲስ ነው ብለው ሳይመርጡ ይበላሉ፤ ለጀማሪ ደስ ይላሉ።

ትራይኮ የሚባለውን ሜይፍላይ ግን ለብቻው ልንገርህ፤ ደከርስ ላይ የነሐሴና የመስከረም ጠዋት የሱ ነው፤ አንዳንዴም ጁላይ መጨረሻ ላይ ይጀምራል። በጣም ትንሽ ነው፣ ቁጥር 22 እና 24። ወንዶቹ ሌሊት ይወጣሉ፣ ሴቶቹ ንጋት ላይ። ፀሐይ ሲወጣ ከውሃው በላይ እንደ ጭስ ከፍ ዝቅ የሚል መንጋ ታያለህ። አየሩ ሞቅ ሲል ይጋቡና ሁሉም በአንድ ሰዓት ውስጥ ውሃው ላይ ይወድቃሉ። ዓሣው ያን ጊዜ አፉን ከፍቶ ነው የሚቆመው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ከአውሮራ ከተነሳህ አልቆ ነው የምትደርሰው። ቅዳሜን ተኝተህ የምታሳልፍ ከሆነ ትራይኮን እርሳው። ከዚያ በኋላ ኦክቶበር ላይ ቤቲስ ይመለሳል፤ በዓመት ከአንድ ትውልድ በላይ ስላለው ነው ጸደይም መኸርም የምታየው።

ወንዙ ዳር ደርሰህ ምንም የሚበር ካላየህ ድልድይ ሥር ግባ። የሸረሪት ድሩን እይ። ሸረሪቷ ከሰሞኑ የወጣውን ሁሉ ሰብስባልሃለች፤ ትናንት ማታ ምን እንደነበረ እሷን ጠይቃት። የነዳጅ ማደያ ወይም የሞቴል መብራት ሥር ያለው ግድግዳም ያው ነው፤ ጠዋት ካዲስ ተለጥፎ ይገኛል። ትንንሽ ወፎች ውሃውን ታክከው ሲመላለሱ ካየህ ደግሞ ቆም በልና ከሥራቸው ያለውን ውሃ ተመልከት።

ሱቁንም አትናቅ። ሰንጠረዡ የአንድ ሰፊ አገር አማካይ ስለሆነ ነው ያስቀመጥኩብህ እንጂ፣ ሱቁ ላይ የሚቆመው ልጅ ትናንት ውሃው ላይ ነበር። ሁለት ሦስት ፍላይ ግዛና «ምን ወጣ?» ብቻ አትበለው፤ «ስንት ሰዓት ላይ፣ በየትኛው ደረጃ በሉት?» በለው። የምታውቅ ሰው መሆንህን ሲያይ አንደበቱ ይፈታል።

ማስታወሻ ያዝ፤ ስልክህ ላይም ይሁን ደብተር። የውሃው ሙቀት፣ ሰማዩ፣ የመጀመሪያው ነፍሳት የታየበት ሰዓት፣ ወገኑ፣ ደረጃው፣ ርዝመቱ በሚሊ ሜትር። የውሃውን መጠን ቤትህ ሆነህ ማየት ትችላለህ፤ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ብዙ ወንዞች ላይ መለኪያ አለው፤ በሴኮንድ ስንት ኪዩቢክ ፊት እንደሚወርድ፣ አንዳንዱ ቦታም ሙቀቱን፣ በነፃ ያሳያል። ነፍሳቱን በሳህኑ ላይ ከገዢ ጋር ፎቶ አንሳው፤ ቤት ገብተህ ከፍላይ ሳጥንህ ጋር አስተያየው። ብዙ ሰው የገዛው ፍላይ ሁሉ ከእውነተኛው አንድ ሁለት ቁጥር እንደሚበልጥ የሚያውቀው ያኔ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ኤፕሪል ሲመጣ የራስህ ሰንጠረዥ ይኖርሃል፤ የላቲኑንም ስም ያኔ ብታጠና አይከብድህም፣ ምክንያቱም ፊታቸውን ታውቀዋለህ።

ስለ ባሌ። ዲንሾ አካባቢ ያሉት እንደ ዌብና ዳንካ ያሉ ወንዞች ትራውት አላቸው፤ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ብራውንና ሬንቦው ነው። ወንዙ አሪፍ ነው፤ ጠዋት ብርዱ ግን ከዴንቨር አይተናነስም። የነፍሳቱ ነገር ግን ይለያል። ከምድር ወገብ ሰባት ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚርቀው፤ የቀኑ ርዝመት ከወር ወር ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ሳምንት ተሰብስቦ የሚወጣበት የኮሎራዶ ዓይነት ሽብር እምብዛም አትጠብቅ። ትንሽ ትንሽ፣ ዓመቱን በሙሉ ይወጣሉ። ወቅቱን የሚለየው ዝናቡ ነው፤ በክረምቱ ጎርፍ ድንጋዩ ሲገላበጥ ነፍሳቱ ይመነምናል፣ ውሃው ሲጠራ ያገግማል። የቤቲስ ዘመዶች በደጋው ወንዞች ሞልተዋል። መረብ ዘርጊው ካዲስም አለ። ስቶንፍላይ ግን በአፍሪካ በዓይነቱ ጥቂት ነው፤ የሳልመንፍላይህን ሳጥን አትሸከም። ትንሽ ቡናማ ኒምፍና ትንሽ ግራጫ ድራይ (ገጹ ላይ የሚንሳፈፍ ፍላይ) ይበቁሃል። ድንጋይ መገልበጡ፣ ጥቁር እምቡጥ ማየቱ፣ መረቡ፤ ይሄ ሁሉ እዚያም ያው ነው። ከመግባትህ በፊት ዲንሾ ካለው የባሌ ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት ስለ ፈቃድ ጠይቅ።

የፍላይ ግዢውን በተመለከተ፣ አሥራ ምናምን ዓይነት አትግዛ። ለደከርስ ጥቁር ዜብራ ሚጅ በ20 እና 22። ፌዛንት ቴይል ኒምፍ በ18 እና 20። አርኤስ 2 በ20 እና 22፤ ይሄኛው እዚሁ ኮሎራዶ ሪም ቻንግ የሠራው ነው፣ ከቆዳው እየታገለ ያለውን ቤቲስ ይመስላል። ፓራሹት አዳምስ ከ16 እስከ 22፤ ሜይፍላይም ሚጅም መስሎ ያልፋል። ኤልክ ሄር ካዲስ በ16። አምስት ናቸው፤ ከእያንዳንዱ አራት አራት ያዝ፣ ዛፍ ላይ የሚቀረው ብዙ ነው። ያ የኤፕሪል ቀን ቢደገም ከፊት 18 ፓራሹት፣ ከመንጠቆው ላይ ክንድ በማይሞላ ክር አርኤስ 2 በ22 አስር። ድራዩ ድንገት ሲቆም ወይም ሲሰምጥ ዘንግህን ቀና አድርግ።

ሁለት ሦስት ነገር ልጨምር። ኮሎራዶ ውስጥ 16 ዓመት የሞላው ሁሉ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የወንዙ ወለል የግል ይዞታ የሆነበት ቦታ ብዙ ነው፤ እዚያ በእግር መግባት ራሱ ያስከስሳል፣ ስለዚህ ነፍሳት ፍለጋ ብለህ አጥር አትዝለል። ከወንዝ ወደ ወንዝ ስትሄድ ቡትህን ፍቀህ እጠበውና አድርቀው፤ የኒውዚላንድ ቀንድ አውጣ በቡት ነው የሚዛመተው፣ አንዴ ከገባ የነፍሳቱን ምግብ ይሻማል። በሙቀቱ ወራት ውሃው 68 ዲግሪ ፋራናይት ከደረሰ ደግሞ ዘንጉን አጣጥፈው። ትራውት በሞቀ ውሃ ተይዞ ቢለቀቅም የመሞት ዕድሉ ይጨምራል። ያን ቀን ሳህንህንና መረብህን ብቻ ይዘህ ድንጋይ መገልበጥ ትችላለህ።